ባትሪው ልቅሶ አያውቅም

ኖቬምበር 11

ተናድጄ ስለምጽፍ ጽሑፌ አያምርም። ትናንት ማታ እራት ቀርቦ እያለ የእኛ ቤት መብራት ብቻ ድርግም አለ። የጎረቤት በርቷል፣ የፓስተሩ በርቷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል ሳይቀር በርቷል። የእኛ ቆጣሪ ብቻ ቀይ ዓይኑን አፍጥጦብኛል። ቤታችን እንደ አገሩ ቤት ሁሉ ግድግዳ የለውምና መንደሩ በሙሉ ጨለማ ውስጥ መቀመጣችንን አየ። ጓደኛዬ ፑአ ከመንገድ ላይ ሆና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነሽ ተቀጣሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁላት፤ ቆሽቴ ግን አሯል።

ጥፋታችን የባሌ የኢዮአኔ የኦክስጅን ማሽን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ዋና ከተማው አፒያ ያለው ኮምፒውተር ይህ ቤት ከድርሻው በላይ ይበላል ብሎ ቆረጠን። የፀሐይ ፓነሎቹና ባትሪው ያረፉት ደግሞ በባሌ ቤተሰብ መሬት ላይ፣ ከጎደሬ እርሻችን በላይ ነው። የድሮውን ጄኔሬተር ጭስ ስለሚጠላ መሬቱን ሲጠይቁት ውሎ ሳያድር እሺ አለ። ባትሪው ያለበትን ኮንቴይነር ከመኝታችን ሆነን እናየዋለን። ቁልፉ ግን ባሕር ማዶ፣ አፒያ ነው።

መብራቱ እስኪመለስ ጀርባውን ደግፌ አራገብኩለት። ተራ ሳል ነው። ሐኪሙ ነገር ማግነን ይወዳል።

ኖቬምበር 13

ሴሚሲን በስልክ አገኘሁት። የፀሐይ መብራት ፕሮጀክቱ መሐንዲስ ነው፤ የእኛው ልጅ፣ ኦክላንድ ያደገ። «እናቴ፣ ሲስተሙ የሰውን አኗኗር እያየ ይማራል። ጥቂት ሳምንት ብቻ ይታገሱት» አለኝ። «ባሌ ትምህርቱን እስኪጨርስ ሊጠብቀው ነው?» ብዬ ዘጋሁበት።

ከዘጋሁ በኋላ ለምን እንዲያ እንዳልኩ ገረመኝ። ኢዮአኔ ምን ሆኖ ነው የማይጠብቀው?

ኖቬምበር 20

ሴሚሲ በጀልባ ተሻግሮ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ እግሩን አጣጥፎ ምንጣፍ ላይ ለመቀመጥ ግን ይቸገራል፤ ጉልበቱ ወንበር ለምዷል። ታብሌቱን አውጥቶ የመንደራችንን መብራት በመስመር ሥዕል አሳየን። በየምሽቱ መስመሩ ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል። እዚያ አፒያ ያሉት ባለሙያዎች መስመሩ የሆነ ቦታ ይበጠሳል ብለው ብዙ ሲጨነቁበት ቆይተዋል።

ፑአ ሳቋን መያዝ አቃታት። የምሽት ጸሎታችን ነው እኮ። እንደ ደወል የተሰቀለው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር ሲመታ ሁሉም ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ የእሳቱን ድስት አውርዶ ይቀመጣል። ጎረምሶቹ መንገድ ዳር ቆመው መኪና እንኳ አያሳልፉም። «ለኮምፒውተርህ እግዚአብሔር ነው ያጠፋው በለው» አለችው። ሴሚሲ ቀላ። እዚያው ሆኖ የጸሎቱን ሰዓት አስገባለት፤ የኢዮአኔን ማሽንም እንዲታገሠው አዘዘው።

አመሰገንኩት። ግን እንዲህ አሰብኩ፤ ስለ ጸሎቱ ዛሬ አስተማረው። ነገ ስለሚመጣው ሌላ ነገር ማን ያስተምረዋል? ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ከባሕር ማዶ ቤቴን እያየ እኔ እሱን የማላይበት ነገር አልጣመኝም።

ኢዮአኔ ከተኛበት ሆኖ ሲያዳምጥ ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ፣ «ቁጣሽ ይጠቅማል፤ ግን ጥቂቱን ለኋላ አስቀሪ» አለኝ። ለየትኛው ኋላ ነው? አልጠየቅሁትም።

ኖቬምበር 27

የኮሚቴው ጉብኝት ነበር። ሌላ ጊዜ የምናየው ምንጣፉ መጽዳቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃውን በርሜል ነው። ዘንድሮ መብራቱን ጨመርንበት። የአፒያ ሰው ሳይሆን እኛ ራሳችን እንየው አልኩ። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ የሚዞር የአየር ማራገቢያ አገኘን፤ የቆጣሪውን ሽቦ ልብስ ማስጫ ያደረጉም ነበሩ። ፑአ እየተሳደበች፣ እኔ እያሳቅሁ ዞርን።

የኢሊሳ ቤት ስንደርስ ነገሩ ተበላሸ። ኢሊሳ የባሌ እህት ናት። በዚህ አገር እህት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወንድሟ አለቃም ቢሆን ቃሏን አያልፍም። ፍሪዘሯ የበሩ ጎማ ተቀዶ ቀዝቃዛውን ሁሉ ለመንደሩ ያድላል። ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ «ይሄ ፍሪዘር አይደለም፤ ባትሪያችንን የሚጠጣ ሰካራም ነው» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ኢሊሳ አልሳቀችም። በሩን በቀስታ ዘግታ ፊቷን አዞረች።

አፌ አያርፍም። እኔ ወደዚህ መንደር በጋብቻ የመጣሁ ሴት ነኝ። የተቀመጥኩበት የሰብሳቢነት ወንበር በባሌ አለቅነት የመጣ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እሷ ነገ ወደ ቤተሰብሽ ተመለሺ ብትለኝ ማን ይከራከራታል? ግን ፍሪዘሩ ሰካራም ነው። ቃሌን አልመልስም።

ዲሴምበር 2

ዝናብ። ጎደሬው ተኛ። የኢዮአኔን ሽርጥ ጠበብ አድርጌ ሰፋሁት፤ ጨርቁ ሲታጠብ የሚሰፋ ዓይነት ነው መሰለኝ። ኢሊሳ ሾርባ ልካለች፤ ለሱ ብቻ የሚበቃ።

ዲሴምበር 9

ሴሚሲ እንደገና መጣ። የኮንቴይነሩን ቁልፍ ለኮሚቴው ስጡን አልኩት። ውስጡ የእጅ ማብሪያ እንዳለ ኢዮአኔ ሲገጠም አይቷል። ኮምፒውተሩ ቢያብድ በእጅ የሚሠራበት ነው።

ሴሚሲ አልተቆጣም፤ ማስረዳት ጀመረ። ወደፊት የደሴቶቹ ባትሪዎች ሁሉ እንደ አንድ ባትሪ ሆነው ይሠራሉ አለ። ደመናው ከመድረሱ በፊት ኮምፒውተሩ ያውቃል። ማን ስንት እንደሚፈልግ ራሱ ይመድባል። ናፍጣ የጫነ መርከብ መጠበቅ ይቀራል። ልጁ ስለዚህ ሲያወራ ዓይኑ ያበራል፤ እውነቱን ነው፣ ያምርበታል። እኔም ናፍጣ አልናፈቀኝም።

«ሁሉም መልካም። ጭንቅላቱ አፒያ ይሁን፤ እጁ ግን እዚህ ይሁን» አልኩት።

«እናቴ፣ ሰው እጅ ከገባበት ዘመድ ለዘመድ ማድላት ይመጣል። ኮምፒውተሩ ዘመድ የለውም።»

«የፈራሁትም እሱን ነው።»

ቁልፉን ይዞ ሄደ። ቤት ስመለስ ኢዮአኔ ተኝቶ ነበር። አሁን አሁን ሁልጊዜ ነው የሚተኛው። ዕረፍት ጥሩ ነው።

ዲሴምበር 15

ኢዮአኔ ዛሬ ብዙ አወራ። ከኢሊሳ ታረቂ አለኝ። መቃብሬ ከቤቱ ፊት ለፊት ከአባቴ አጠገብ ይሁን ሊል ሲጀምር ኮኮዋው ገነፈለ ብዬ ተነሣሁ። ኮኮዋ አልጣድኩም ነበር። ስመለስ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። «እሺ፣ ስለ ባትሪሽ ንገሪኝ» አለ። እኔም ስለ ባትሪው ነገርኩት፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አላቆምኩም።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ሰው ሊያወራ ሲፈልግ።

ዲሴምበር 19

ባትሪው ሞልቶ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። የኦክስጅን ማሽኑም ሳይቋረጥ ሲሠራ ነበር።

እኔ ላይ፣ ባትሪው ጋ ነበርኩ። ከአፒያ የመጣ ቴክኒሻን ላይ ስጮህ። ፑአ ሽቅብ ስትሮጥ አየኋት፤ ፑአ አትሮጥም።

ዲሴምበር 26

ቀበርነው። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከአባቱ አጠገብ። አሁን የቀብሩን ዋዜማ ልጻፍ። ዝም ካልኩ ሌላ ሰው በራሱ መንገድ ይጽፈዋል፤ አፒያ ያሉት ጀምረውታል።

አስከሬኑ ከሆስፒታል ሬሳ ማቆያ መጥቶ ምንጣፉ ላይ አረፈ። የዚያን ሌሊት ሬሳው ብቻውን አይተውም፤ ቤቱም አይጨልምም። የየመንደሩ መዘምራን በተራ እየመጡ ይዘምራሉ፣ ይበላል፣ ለክብር የሚሰጡት ስስ ምንጣፎች ይዘረጋሉ። ባለን አምፖል ሁሉ ቤቱ በራ። እኔ ከራስጌው ተቀምጬ ነበር። ከዚያ መነሣት አይፈቀድልኝም።

መዝሙሩ መሐል ላይ ቀና ስል የታችኛው መንደር ጨለመ። ከዚያ የፓስተሩ ቤት ጠፋ። ከዚያ የመንደሩ ታላቅ አለቃ የታፉና ቤት። አንድ በአንድ። መብራቱ ሊሄድ ነው አልኩ። ፑአ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ «ተይው፣ ታፉና ነው ያስጠፋው። ኮምፒውተሩ የአንቺን ቤት እንዳይቆርጥብሽ ሁሉም የራሱን ዘግቶ ለኢዮአኔ ሰጠው» አለችኝ። መንደሩ በሙሉ ለባሌ ብሎ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀስኩት ያኔ ወጣ።

ያ ባትሪ ግን ልቅሶ አያውቅም። ሁሉም ቤት ባንድ ጊዜ ጠፍቶ አንድ ቤት ብቻ ሲንቦገቦግ ሲያይ መስመሩ ተበጥሶ እርጥብ ነገር ላይ የወደቀ መሰለው። ሁሉን ዘግቶ ራሱን ቆለፈ። የባሌ ፊት ከዓይኔ ጠፋ።

መዝሙሩ አልቆመም። በጨለማ ዘመሩ። እጄን ዘርግቼ ደረቱን ያዝኩ። አንዱ ወደ አፒያ ደወለ፤ የገና ዋዜማ ሊጠባ ነው፣ ማን ያነሣል። ያኔ ኢሊሳ ከጎኔ ተነሣች። ቃል አልተናገረችም። የቀረውን የነገረችኝ ፑአ ናት። ኢሊሳ ጓሮ ሄዳ ኮኮናት የሚላጥበትን የብረት ካስማ ከመሬት ነቀለች። በጥቁር ልብሷ፣ በባዶ እግሯ ሽቅብ ወጣች። ጎረምሶቹ እንርዳሽ ቢሏት፣ «የወንድሜ መሬት ነው፤ በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ» አለቻቸው። ካስማውን በጓጉንቸሩ ውስጥ አስገብታ ፈለቀቀችው። ከዚያ ጎረምሶቹ የእጅ ማብሪያውን አገኙት።

ሲበራ ኢዮአኔ እዚያው ነበር። እኔም እንደያዝኩት።

ዲሴምበር 30

ታፉና ቤቴ መጣ። ጨዋ አነጋገሩን ጨርሶ ወደ ቁም ነገሩ ሲገባ አፒያ ተቆጥቷል አለ። መቆለፊያ ሰብራችኋል፤ ባትሪውን ነቅለን ለሚያከብረው መንደር እንሰጣለን ብለዋል። እሱ ያሰበው ይቅርታ ነው፤ የእኛን ትልቁን ይቅርታ። አለቆቹ ባሕር ተሻግረው በፕሮጀክቱ ቢሮ በር ላይ ስስ ምንጣፍ ተከናንበው ሊንበረከኩ።

«እርስዎ ምንጣፍ የሚከናነቡት ደም ለፈሰሰበት ቤት ነው» አልኩት። «የዚያ ቤት ሰው ወጥቶ ምንጣፉን ያነሣልዎታል፤ ወይም በቆንጨራ ይመታዎታል። ቢሮው በር ላይ ቢንበረከኩ ማን ያነሣልዎታል? ዘበኛው?»

ባሌ በተቀበረ በሳምንቱ ለታላቅ አለቃ እንዲህ ተናገርኩ። ወንበሬ በማን እንደቆመ ረሳሁት። ወይም ካሁን ወዲያ ወንበር የለኝም ብዬ ይሆናል የደፈርኩት። ኢሊሳ ስለ እኔ ከቤተሰቡ ጋር ልትመክር ነው ሲባል ፑአ ሰምታለች። ሻንጣዬን ከቆጥ አላወርድም። ማውረድ የፈለገ ራሱ ያውርደው።

ጃንዋሪ 8

የመንደሩ ስብሰባ ተደረገ። ሴሚሲ ከአንድ የቢሮ አለቃው ጋር መጣ። አለቃው ስለ ደኅንነት፣ ስለ ውል፣ ስለ ወደፊቱ ተናገረ። ሴሚሲ መሬት መሬት ያያል። መጀመሪያ ኢዮአኔ መቃብር ጋ ሄዶ ቆሞ እንደነበር አይቻለሁ፤ ስለዚህ ልጠላው አልቻልኩም።

እንድናገር ሲፈቀድልኝ ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፤ ነገ ሳሳምረው እንዳልገኝ።

«ኮምፒውተራችሁ ብልህ ነው። ደመናውን ይይልን፣ ይምከረን። እኛ የጎደለን የምንጣላው ሰው ነው። መብራቴ ሲጠፋ ማን ቤት ሄጄ ልጩህ? ያጠፋው ሰው ፊቴን አይቶ ለምን እንዳጠፋ ይንገረኝ። ከተሳሳተ ይፈር። ኮምፒውተር አያፍርም።»

ሰውየው ባትሪው ተሟጦ ቢበላሽስ አለ። በዝናቡ ወራት ዘመዶቻችሁን ጨክናችሁ ታጠፋላችሁ? የሚያጠፋውስ ማን ነው? ጥያቄው ትክክል ነበር። ወንዶቹ ተያዩ። ማንም የጎረቤቱን ፍሪዘር ማጥፋት አልፈለገም።

ኢሊሳ ከኋላ ተነሣች። በዚህ ዓይነት ስብሰባ አትናገርም፤ ስትናገር ግን የሚያቋርጣት የለም።

«መሬቱ የአባቴ ነው። ወንድሜ ነው የሰጠው፤ አሁን ቃሉ የእኔ ነው። ባትሪው ይቀመጥ፤ ቁልፉ በወንድሜ ሚስት በሲየኒ እጅ ይሁን። ይቺ ሴት አፈኛ ናት፣ የእኔን ቤት እንኳ አላከበረችም። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለች ናት የምትፈለገው። የትም አትሄድም።»

ተቀመጠች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም። እኔ ጉልበቴን አየሁ፤ ሌላ የማይበት ቦታ አጣሁ።

ታፉና ቃሏን አጸና። አፒያ እስከ ዝናቡ ወራት መጨረሻ ለሙከራ ተስማማ። ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቃል፤ ሰው ይወስናል። ባትሪው ከቀዩ መስመር በታች ከወረደ ግን ያለ ክርክር ይነቅሉታል። ሴሚሲ ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ «እናቴ፣ ከባድ ነው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አላውቅም ነበር።

ጃንዋሪ 24

ደመና። አሁንም ደመና። ማዕበሉ በሰሜን አልፏል ይላሉ፤ ጅራቱን ግን እኛ ላይ ጥሎታል። ፓነሎቹ በዝናብ ይታጠባሉ እንጂ አይሠሩም። ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ባትሪው እየወረደ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሰው ሁሉ ማንንም አያይም። ፑአ እንኳ ሩዙን በመብራት እየቀቀለች ነው፤ እንጨቱ ርሷል አለችኝ። ርሷል፤ እውነት ነው።

ኢዮአኔ ከሞተ ጀምሮ የቤቴን መብራት ሌሊቱን አጥፍቼ አላውቅም። ኮሚቴው ስለሚያከብረኝ አንድም ሰው አልተናገረኝም። የማላጠፋው መንገዱ እንዲታይ ነው።

መንገዱ እንዲታይ አይደለም።

ጃንዋሪ 25

ሲመሽ የየቤቱ ማብሪያ ወዳለበት ኮንቴይነር ወጣሁ። ቀዩ መስመር ጋ ልንደርስ ጥቂት ቀርቶናል። ፑአ አብራኝ ነበረች። «ያንቺን ተይው፤ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ማንም አይናገርሽም» አለችኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን አጠፋሁ። ከላይ ሆኜ ቤቴ ሲጨልም አየሁት። መቃብሩም አብሮ ጨለመ። ቀጥዬ የኢሊሳን አጠፋሁ፣ ከዚያ የታፉናን፣ ከዚያ የፑአን። ፑአ «ሩዜ!» አለች። ከዚያ የፓስተሩን። የእሱን ስነካ ፑአ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከክሊኒኩና ከውሃው ፓምፕ በቀር አንድም አላስቀረሁም።

ቤቴ በጨለማ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብቻዬን መሆኔን እስካሁን በመብራት ስደብቀው ነበር። አሁን ምንም የሚደብቀው የለም። ናፈቀኝ። አሥር ጊዜ ብጽፈው ያው ነው፤ ናፈቀኝ።

ብዙም አልቆዩም። መጀመሪያ የፓስተሩ ሚስት የእጅ ባትሪ ይዛ መጣች፤ ለስብከት የሚዘጋጅ ሰው እንዴት በጨለማ ይቀመጣል? ከዚያ ታፉና፣ ልጁ ፈተና አለበት። ከዚያ ኢሊሳ፣ ዓሣዋን በቅርጫት ተሸክማ፣ ይኸው ይበላሽና ታይዋለሽ ብላ ፊቴ አስቀመጠችው። ከዚያ የማላውቃቸው ጎረምሶች፤ ኳስ እያዩ ነበር። ፑአ እኔን ልትከላከል መጥታ ስለ ሩዟ ከሁሉም በላይ ጮኸች። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገራል፣ ማንም አይሰማም። ማን ፈቀደልሽ ይሉኛል።

እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳቸው። ነገም ካልጠራ አጠፋለሁ። ተቀመጡና ተጣሉኝ።

ተቀመጡ። ምንጣፉ አልበቃቸውም፤ እርስ በርስ ተጠጋጉ። ኢሊሳ፣ ከተበላሸ ይበላ እንጂ ብላ እሳት አነደደችና ዓሣውን መጥበስ ጀመረች፤ እየጠበሰችም አልተወችኝም፣ ትቆጣኛለች። ከቀብሩ ወዲህ ቤቴ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። እየተሰደብኩ ዓሣ በላሁ። መብራቱን አልመለስኩም።